ዕድራችሁ የሰፈሩን በጎ አድራጊዎችና ባለ ውጤቶች እንዲሸልም፦ ከጥቆማ እስከ ምርቃት

ዕድር ባለበት ሰፈር ብዙ ጊዜ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ ተጽፎ በቀብሩ ላይ ይነበባል። የት እንደ ተወለደ፣ በምን ሥራ እንደ ኖረ፣ ለጎረቤቱ ምን እንዳደረገ በዝርዝር ይነገራል፤ ከሰሚዎቹም መካከል «ይህን ሁሉ ማድረጉን አላውቅም ነበር» የሚል አይጠፋም። በሰፈር ደረጃ የሚዘጋጅ ሽልማት ዋና ቁም ነገሩ ይህንኑ ምስክርነት ባለቤቱ በሕይወት እያለ፣ ተጣርቶና በወጉ ተጽፎ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ባሉበት እንዲሰማ ማድረግ ነው። ዋንጫው፣ ጋቢውና የምስክር ወረቀቱ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ እንዲህ ያለ ሽልማት ለመጀመር ለሚያስቡ የዕድር አመራሮች፣ የወጣት ማኅበራትና የሰፈር ኮሚቴዎች የተዘጋጀ ነው።

አገር አቀፍ ሽልማቶች ለዚህ ሥራ አርአያ ቢሆኑም ምትክ ሊሆኑት አይችሉም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በ1950ዎቹ እንደ አፈወርቅ ተክሌና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያሉትን የጥበብ ሰዎች ሸልሟል፤ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማትም በመምህርነት፣ በሳይንስ፣ በበጎ አድራጎት፣ በቅርስና ባህል በመሳሰሉት ዘርፎች ከሕዝብ ጥቆማ እየተቀበለ በዳኞች ያስመርጣል። ከዚህ ከሁለተኛው አሠራር አንድ ሰፈር ሊወስደው የሚገባ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም ጥቆማ የሁሉም ሰው፣ ዳኝነት ግን የጥቂቶች ሥራ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ የአልጋ ቁራኛ የሆነችን ጎረቤቷን ለዓመታት ስታጥብና ስታበላ የኖረችን ሴት የትኛውም አገር አቀፍ ኮሚቴ አያውቃትም፤ የሚያውቃት በር ለበር ያለው ሰው ብቻ ነው።

በማን ስም ይዘጋጅ?

ሽልማቱን ለማዘጋጀት አዲስ ማኅበር ማቋቋም አስፈላጊ አይደለም። ዕድር ካለ አባላት፣ የመሰብሰቢያ ቦታ፣ ድንኳን፣ ወንበርና የሻይ ዕቃ አሉት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አመኔታ አለው። ነገር ግን የብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንብ ገንዘቡ ለቀብርና ለኀዘን አገልግሎት ብቻ እንዲውል ስለሚያዝ፣ አመራሩ በራሱ ሥልጣን ከዕድሩ ሣጥን ለሽልማት ብር ማውጣት የለበትም። ሐሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ፣ በድምፅ ተወስኖ፣ በቃለ ጉባኤ መስፈር ይኖርበታል። ጉባኤው ገንዘብ ባይፈቅድም እንኳ ስሙንና ንብረቱን ከፈቀደ ሥራው ይሠራል፤ ወጪው ለብቻው በሚያዝ መዋጮ ይሸፈናል። ወረዳውና ቀበሌው እንዲያውቁት ማድረግ ተገቢ ነው። የምርጫው ባለቤቶች እንዲሆኑ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሽልማቱ የመንግሥት ግምገማ መስሎ የታየ ዕለት ጥቆማ የሚያመጣው ሰው ይቀንሳል።

ዘርፎችን ማሳነስ

ለመጀመሪያው ዓመት ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዘርፍ ይበቃል። ዘጠኝና ዐሥር ዘርፍ የሚከፍት ኮሚቴ መጨረሻ ላይ ዘርፍ ለመሙላት ሰው ፍለጋ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሽልማቱ ዕደላ ይሆናል። እኔ የምመክረው የሚከተለውን አከፋፈል ነው። አንደኛው ዘርፍ ጊዜውንና ጉልበቱን ያለ ክፍያ ለሚሰጥ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአረጋውያንን ቤት የሚያድስ፣ ተማሪ የሚያስጠና፣ በየሦስት ወሩ ደም የሚለግስ ሁሉ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው በትምህርት፣ በስፖርት፣ በጥበብ ወይም በሥራ ፈጠራ ውጤት ላመጣ ሰው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማንም ሥራ ብሎ ላልቆጠረው አገልግሎት ነው፤ በየለቅሶ ቤቱ ከንጋት ጀምሮ ድስት ላይ የምትቆመው እናት፣ በሌሊት እየዞረ ሞት የሚያረዳው የዕድር ለፋፊ፣ የቧንቧውን ወረፋ ያለ ጠብ የሚያስተናብረው ሽማግሌ በዚህ ዘርፍ ይታያሉ። ይህ ሦስተኛው ዘርፍ ከሁሉም ይልቅ ሰፈሩን የሚያስደስት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ገንዘብ ለሰጠ ሰው የተለየ ዘርፍ ባይኖር ይሻላል። ለጋሹ ምስጋና ይገባዋል፤ ምስጋናው ግን በደብዳቤ ይሁን። ብር የሰጠና ዕድሜውን የሰጠ በአንድ መድረክ ላይ ሲቆሙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ባለ ብሩ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሽልማቱ የሚገዛ ይመስላል።

ስለ ባለ ውጤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ከክፍሉ አንደኛ የወጣውን ሁሉ ብንሸልም የትምህርት ቤቱን ሥራ መድገም ነው። ኮሚቴው ሊጠይቅ የሚገባው ሰውየው ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ የሚለውን ነው። ቀን እንጀራ እየጋገረች ማታ ተምራ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፈች እናት፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት ከፍተኛ ነጥብ ካመጣ ልጅ ጋር በነጥብ ብቻ ልትወዳደር አይገባም።

ጥቆማ እንዴት ይሰበሰባል?

የጥቆማ ቅጹ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ጥያቄዎቹም አራት ናቸው፦ ማን? ምን ሠራ? ከመቼ ጀምሮ? ይህን ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ለማጣራት ሥራ መነሻ ስለሚሆን ባዶውን መቅረት የለበትም። ቅጹን በቴሌግራም ቡድን መላክ ወጣቱን ይደርሳል፤ ብዙ የሚያውቁት ግን ብዙ ጊዜ የማይጽፉት ናቸው። ስለዚህ ወርኃዊ መዋጮ በሚከፈልበት እሑድ፣ አባላት ደብተራቸውን ይዘው ተራ ሲጠብቁ፣ ከገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ጎን ሌላ ጠረጴዛ አድርጉ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ቅጽ የሚያድል ሳይሆን የሚጠይቅና የሚጽፍ ይሁን። «እማማ፣ በዚህ ዓመት ለሰፈሩ የደከመ ሰው ማን ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅና የሚሉትን ቃል በቃል ማስፈር ከመቶ የተበተነ ቅጽ የበለጠ ያስገኛል። ይህ በሁለት ተከታታይ የክፍያ ቀናት ቢደገም ባለፈው ያልመጣውም ይደርሳል። ራሱን የሚጠቁም ሰው ቢመጣም አትመልሱት፤ በሌሎች ሁለት ሰዎች ከተደገፈ እንደ ማንኛውም ጥቆማ ይታይ።

የጥቆማ ብዛት የምርጫ ድምፅ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት። አለዚያ ዘመደ ብዙው ሰው ሠላሳ ቅጽ አስሞልቶ ይመጣና፣ ሲቀር «ድምፄ ተሰረቀ» ይላል።

መራጮቹ

ኮሚቴው አምስት ወይም ሰባት ሰዎች ያሉት ቢሆን ይመረጣል። ከዕድሩ አመራር ከሁለት የበለጡ አይግቡበት፤ አንድ መምህር፣ አንድ ወጣት፣ ቢያንስ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ደግሞ ከጎረቤት ሰፈር ወይም ከሌላ ዕድር የመጣ ሰው ቢኖርበት ሚዛኑ ይጠበቃል። የውጭው ሰው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ይታወቃል» ብሎ የሚያልፈውን ነገር እርሱ «እንዴት ይታወቃል?» ብሎ ይጠይቃል።

የዝምድና ጉዳይ በግልጽ ይጻፍ። በእኛ ዘንድ ዝምድና የሥጋ ብቻ አይደለም፤ አበልጅ አለ፣ ሚዜ አለ፣ የጡት ልጅ አለ፣ በአንድ ዕቁብ ወይም በአንድ የጽዋ ማኅበር የሚጠጣ አለ። ከዕጩው ጋር እንዲህ ያለ ቅርርብ ያለው የኮሚቴ አባል የዚያ ዘርፍ ውይይት ሲደረግ ከክፍሉ ይውጣ። ዝም ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ ይሉኝታ የሚሠራው ሰው ፊት ለፊት ሲኖር ነውና። የወጣበትም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ። የኮሚቴው አባላት ደግሞ በዚያው ዓመት ዕጩ መሆን አይችሉም፤ ሥራው የሚገባው ሰው ከሆነ ከኮሚቴው ወጥቶ ተራውን ይጠብቅ።

ለውይይቱ ነጥብ መስጠት ይጠቅማል። ከመቶ ሠላሳው ለሥራው ቆይታ፣ ሠላሳው ሰዎች ላገኙት ጥቅም፣ ሃያው ሰውየው ለከፈለው ዋጋ፣ ሃያው ለምስክርነቱ ጥንካሬ ቢሰጥ መነሻ ይሆናል። ነጥቡ ግን መከራከሪያ እንጂ ፈራጅ አይሁን፤ ሁለት ዕጩዎች በአንድና በሁለት ነጥብ ብቻ ሲበላለጡ ድምሩን ትቶ ስለ ሰዎቹ መነጋገር ይሻላል። በአንድ ዘርፍ ብቁ ዕጩ ከጠፋም ዘርፉ ለዚያ ዓመት ሳይሞላ ይቅር።

ማጣራት

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ የሽልማቱ ክብር የሚያልቀውም እዚህ ነው። ለመጨረሻው ዙር ስለ ቀረበ እያንዳንዱ ዕጩ ሁለት የኮሚቴ አባላት አብረው ሄደው ቢያንስ ሦስት ሰው ያነጋግሩ፦ አንዱ በሥራው የተጠቀመ፣ አንዱ ሲሠራ ያየ፣ አንዱ ደግሞ ዕጩውን የማይወድ። የመጨረሻው ሰው ምስክርነት ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል፤ «ሰውየው አይመቸኝም፣ ግን ይህን ሠርቷል» የተባለለት ሥራ ጥርጥር የለውም። ማስረጃ ያለው ነገር በማስረጃ ይታይ፤ ደም ለጋሽ የለጋሽነት ካርድ አለው፣ የሚያስጠናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት አላቸው።

በሥራው የተጠቀሙትን ሰዎች ስታነጋግሩ ጥንቃቄ አድርጉ። የተረዳ ሰው መረዳቱ በሰፈሩ እንዲሰማ ላይፈልግ ይችላል። ስሙ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ያለ ፈቃዱ አይውጣ፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ድኽነቱን እንዲናገር ማድረግ ደግሞ በጭራሽ አይገባም። እንዲህ ያለውን ነገር በዝግጅት ላይ አይቻለሁ፤ አዳራሹ ያለቀሰው ለተሸላሚው ሳይሆን ለተረጂው ነበር፣ ተረጂውም ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ቀና ብሎ ለመሄድ ተቸግሯል።

የምስጋናው ቃል

ከጠቅላላው ሥራ ከፍ ያለ ትኩረት የሚገባው ተሸላሚው ፊት ቆሞ የሚነበበው ጽሑፍ ነው። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ሆኖም ሰውየው ሲያልፍ ልጆቹ የሚያስቀምጡት እርሱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

«ወይዘሮ እገሊት ለማኅበረሰባቸው ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ ይህ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ስሙ ቢለወጥ ለማንም ይሆናል። በእርሱ ፈንታ የሚከተለውን ዓይነት ጻፉ፦

«ወይዘሮ እገሊት ላለፉት ስድስት ዓመታት በየቅዳሜው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በቤታቸው በረንዳ ላይ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠንተዋል። ጥቁር ሰሌዳው የተሠራው ከአሮጌ የቁም ሣጥን በር ነው። ዝናብ በጣለ ቀን ልጆቹን ወደ ሳሎናቸው ያስገባሉ። ከማንም ክፍያ አልተቀበሉም፤ ደብተር ለሌለው ደብተር ገዝተዋል።»

ልዩነቱ የቃላት ውበት አይደለም። ሁለተኛው ጽሑፍ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ዕቃ አለው፤ ሰሚው በረንዳውን ያውቀዋል፣ በዚያ በኩል ሲያልፍ የልጆቹን ድምፅ ሰምቷል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከማጣራት ሥራ ውጭ ሊጻፍ አይችልም፤ ስለዚህ ያጣሩት ሁለቱ አባላት ራሳቸው ይጻፉት። «ታላቅ»፣ «ወደር የለሽ»፣ «ሁለገብ» የሚሉ ቃላት ሲገቡ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው የሚናገረው እንዳለቀበት ያሳያሉ፤ ተሰርዘው በቦታቸው አንድ እውነት ይግባ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ከተሸላሚው ቤተሰብ አንድ ሰው ያንብበው። የስም አጻጻፍም በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን፤ «ሥላሴ» በየትኛው «ሰ» እንደሚጻፍ ለማተሚያ ቤቱ አትተዉለት።

ፈቃድ መጠየቅ

ተሸላሚውን ድንገት ማስደነቅ ለፎቶ ያምራል፤ ለሰውየው ግን ሁልጊዜ አይመችም። ብዙ በጎ አድራጊዎች ሥራቸው ለነፍሳቸው እንደሆነ ያምናሉ፤ «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል ሰምተው ያደጉ፣ ውዳሴ ከንቱን የሚፈሩ ናቸው። በሙስሊሙ ዘንድም መልካም ሥራን ለታይታ ማድረግ የሚነቀፍ ነው። ጎበዝ ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ የሰው ዓይን ይፈራሉ። ይህን ሁሉ ንቆ ማለፍ አያስፈልግም። ከዝግጅቱ ሦስትና አራት ሳምንት አስቀድሞ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቤት ድረስ ሄደው ይጠይቁ። ምስጋናው ለሌላው ትምህርት እንዲሆን እንጂ እርሳቸውን ለማግነን እንዳልሆነ ሲነገራቸው ብዙዎቹ ይቀበላሉ። እምቢ ያሉ እንደ ሆነ አታስጨንቁ፤ ጽሑፉ በፖስታ ታሽጎ ከጋቢው ጋር ቤታቸው ይድረስ፣ በመድረክ ላይ ስማቸው አይነሣ።

ቀን መምረጥ

በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 እ.ኤ.አ. የተወሰነው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን በአብዛኞቹ ዓመታት ኅዳር 26 ላይ ይውላል። ቀኑ ትርጉም ቢኖረውም በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ ግብዣው የጾም መሆን ይኖርበታል። ሥጋና ቅቤ ያለበት ግብዣ ካሰባችሁ፣ ጥቅምትና የኅዳር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይሻላሉ፤ ዝናቡ ያባራል፣ የክረምቱ በጎ ፈቃድ ሥራ ተጠናቆ ውጤቱ ይታያል፣ የአዲስ ዓመትና የመስቀል ወጪም ከሰው ትከሻ ይወርዳል። ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዘዋወር እርሱንም ማየት ያስፈልጋል። ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን፣ ጥቆማው ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ቢሰበሰብ፣ ለማጣራት በቂ ጊዜ ይገኛል። በውጭ ያሉ ማኅበረሰቦች የራሳቸውን ወቅት ይከተላሉ። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ ሲድ የሚባለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ተመራቂ ወጣቶችን ከአንጋፋ ባለ ውለታዎች ጋር በአንድ መድረክ ማክበርን ልማድ አድርጓል። ወጣቱ ሽማግሌውን፣ ሽማግሌውም ወጣቱን እንዲያይ የሚያደርግ በመሆኑ አሠራሩ ለአገር ቤት ሰፈርም የሚስማማ ነው።

ወጪ

ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ሽልማቱ ሳይሆን ግብዣው ነው፤ ስለዚህ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሻይና ቡና ይበቃል። ለአረጋውያን ጋቢ፣ ለተማሪዎች መጽሐፍ ወይም የትምህርት ቁሳቁስ፣ ለሁሉም በመስታወት የተከፈፈ የምስጋና ቃል ቢሰጥ ጥሩ ነው። ገንዘብ መሸለም አልመክርም፤ የበጎ ፈቃድ ሥራ ዋጋ ሲወጣለት ዋጋው ሁልጊዜ ትንሽ ነው። ስፖንሰር ከተገኘ ሁለት ነገር በቅድሚያ ይነገረው፦ በምርጫው ውስጥ ድምፅ የለውም፣ ምልክቱም በምስክር ወረቀቱ ላይ አይታተምም። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ባነር ቢሰቅል ግን ማንንም አይጎዳም። ከዝግጅቱ በኋላ የገቢና የወጪ ሂሳብ በዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

በዕለቱ

የፊት ወንበር የተሸላሚዎችና የቤተሰቦቻቸው ነው፤ የክብር እንግዳው ከጎናቸው ይቀመጥ። ንግግር ከሁለት ሰው፣ እያንዳንዱም ከአምስት ደቂቃ አይበልጥ፤ ይህን መድረክ መሪው አስቀድሞ ለባለ ሥልጣኑ በአክብሮት ሊነግረው ይገባል። ባለ ሥልጣኑ ዘገየ ተብሎ ዝግጅቱ አይዘግይ።

ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ጥሩ ድምፅ ያለው፣ አስቀድሞም ሦስትና አራት ጊዜ ያነበበው ይሁን። ተሸላሚው ቆሞ እንዲያዳምጥ አይገደድ፤ እግራቸው የደከመ ከሆነ ሰጪው ከመድረክ ወርዶ እወንበራቸው ድረስ ይሂድ። ጋቢውን የሚያለብስ የሰፈሩ ታላቅ ሰው ቢሆን፣ ለተማሪው ሽልማቱን ያስተማረው መምህር ቢሰጥ፣ እጅ ለእጅ የሚተላለፈው ነገር ክብር ያገኛል። ከዚያ ማይኩ ለተሸላሚው ይሰጥ፤ ብዙዎች «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ይመልሱታል፣ አንዳንዶቹ ግን ሰፈሩ ያልሰማውን ታሪክ ይነግራሉ። ዝግጅቱ በሽማግሌዎች ምርቃት ይዘጋል፤ በሰፈሩ የተለያየ እምነት ካለ ሁለቱም ወገን በየተራ ይመርቁ።

ከዝግጅቱ በኋላ

ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም። ኮሚቴው ለቅሬታ አቅራቢው መስፈርቱንና አሠራሩን ያስረዳ እንጂ ስለ ሌሎቹ ዕጩዎች የተባለውን አያውጣ፤ በውይይቱ የተነገረው በክፍሉ ይቅር። የተሸላሚዎቹ ስምና የምስጋና ቃል በአንድ መዝገብ ይከተትና በዕድሩ ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ፤ ያለፉት ተሸላሚዎችም በሚቀጥለው ዓመት ጥቆማ እንዲያመጡ ይጠየቁ፣ እንደ እነርሱ የሚደክመውን ሰው ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። አንድ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አይሸለም። ሳይመረጡ የቀሩ ጥቆማዎች ደግሞ አይጣሉ፤ በፋይል ተይዘው ለመጪው ዓመት ኮሚቴ ይተላለፉ፣ ጠቋሚዎቹም ዕጩአቸው አሁንም በመዝገቡ ላይ እንዳለ በሚቀጥለው የክፍያ እሑድ ይነገራቸው።